ረቡዕ በናጋራ ወንዝ

ባለ አንድ ፉርጎዋ ባቡር ከዋሻው ብቅ ስትል የናጋራ ወንዝ በግራ በኩል ወለል ብሎ ታየ። የዓለምወርቅ ግንባሯን ከመስኮቱ አስጠግታ ቀረች። ውሃው አረንጓዴ ነው፤ ያም ሆኖ ከሥሩ ያለው ጠጠር አንድ በአንድ ይለያል። ጆሃንስበርግ ይኼ ነው የሚባል ወንዝ የላትም። እዚያ ሃያ ዓመት የኖረ ሰው ወንዝ የሚባል ነገር መኖሩንም ይረሳል።

«እማ፣ ድልድዩን እዪው! ፎቶ ላንሳሽ?» አለች ልጇ ፀገነት።

«አሁን አነሳሽኝ እኮ።»

«ያኛው ብለር ሆነ። ዞር በይ፣ ስማይል!»

ዞር ብላ ፈገግ አለችላት። ፀገነት አነሳቻትና ወዲያው ስልኳ ላይ አቀርቅራ በአውራ ጣቷ መጻፍ ጀመረች። ዓይኖቿ ቀልተዋል። ጠዋት «ምን ሆነሽ ነው?» ብትላት «አለርጂ ነው ማም፣ የዚህ አገር ሣር አይስማማኝም» ብላ ነበር ያለፈችው።

ጊዜው የ2011 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ነው። ጃፓን የዓለም ራግቢ ዋንጫን ልታስተናግድ ሽር ጉድ ትላለች፤ በየጣቢያው የተሳታፊዎቹ አገሮች ባንዲራ ተንዠርግጓል። የደቡብ አፍሪካን ባንዲራ ባየች ቁጥር የዓለምወርቅ አገሯ ሰው እንዳገኘች ሁሉ ደስ ይላታል፤ ደስታዋም መልሶ ራሷን ይገርማታል። ያቺ አገር እንጀራም ዱላም ያቀመሰቻት አገር ናት። እሷ ራሷ ሐበሻው «ጄፒ» በሚለው መንገድ ላይ ልብስ ትሸጣለች። ባሏ አምሳ አለቃ አየነው ደግሞ ከከተማው በስተምሥራቅ፣ ታውንሺፕ ከሚሏቸው የጥቁሮች ሰፈሮች አንዷ በሆነችው ጻካኔ፣ የአንዲት አሮጊት ቤት የፊት ለፊቱን ክፍል ተከራይቶ ስፓዛ የሚሉትን የሰፈር ሱቅ ከፍቷል። ዳቦ፣ ስኳር፣ ሻማ፣ የስልክ ካርድ ይሸጣል። ሌሊቱንም እዚያው ከመደርደሪያው ሥር ይተኛል፤ መሀል ከተማው አጠገብ ቤሪያ በሚባል ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ብቅ የሚለው ቅዳሜ ማታ ነው።

አምሳ አለቃነቱን ያገኘው በደርግ ጦር ውስጥ ነው። በ1983 ጦሩ ተበትኖ፣ ከዓመታት በኋላ ሞያሌን በእግሩ ተሻግሮ፣ ስንቱን ድንበር በጨለማ ሾልኮ ጆሃንስበርግ ሲገባ ከማዕረጉ በስተቀር በእጁ የቀረ ነገር አልነበረም። መንግሥት ወደቀ፣ ጦር ተበተነ፣ ማዕረጉን ግን የወሰደበት የለም። የጆበርግ ሐበሻ ከትልቅ እስከ ትንሽ «አምሳ አለቃ» ይለዋል። እሱም ጫፍና ጫፉን አሹሎ የሚያበጥረውን ጢሙን እንደ ሁለተኛ ማዕረግ ተሸክሞት ይዞራል።

ፀገነት በአራት ዓመቷ ነው ጆሃንስበርግ የገባችው። ቤሪያ አድጋ፣ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ አምና በዚህ ተራራማ የጃፓን አገር የእንግሊዝኛ ረዳት መምህር ሆነች። እናቷን ለእረፍት ያስመጣቻትም እሷ ናት። ይህን የሽርሽር ቀን ለቅዳሜ ነበር ያሰበችው። ዛሬ ግን ማለዳ ቀስቅሳት፣ «ፈቃድ ወስጃለሁ፣ ተነሺ! የድሮ ከተማ አሳይሻለሁ፣ ከዚያ በጥንት ዘዴ ዓሣ የሚያጠምዱበት ወንዝ እንሄዳለን» ብላ እያጣደፈች አስወጣቻት። የዓለምወርቅ ስልክ የሚሠራው በቤቱ ዋይፋይ ብቻ ስለሆነ አልጋው ላይ ቀረ።

«ቅዳሜ ብለሽኝ አልነበር?»

«ቅዳሜ ዝናብ ይጥላል ተብሏል።»

መጠርጠር የነበረባት ያኔ ነው። ነገር ግን ልጇ ከሥራ ቀርታ ልታዝናናት ስትሯሯጥ ምን ብላ ትጠርጥራት?

ሚኖ ወረቀት ሠሪዎችና ወረቀት ነጋዴዎች ያቀኗት ከተማ ናት። በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ጠቋቁረው ያረጁ የእንጨት ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ቆመዋል። በየጣራው ዳርና ዳር ከጣራው ከፍ ብሎ የወጣ ነጭ ግድግዳ አለ፤ በላዩም የራሱ ትንሽ ክዳን ተደፍቶበታል።

«ይኼ ምንድነው? ቀንድ አበቀሉ እንዴ ቤቶቹ?»

«ኡዳትሱ ይሉታል» አለች ፀገነት። «ከተማው ድሮ ተቃጥሎ ያውቃል። የጎረቤት እሳት ወደነሱ እንዳይሻገር ነው ያሠሩት። አቅሙ ያለው ነጋዴ ብቻ ነበር የሚያሠራው፤ በኋላ በኋላ መፎካከሪያ ሆነ፣ የማን ኡዳትሱ ያምራል እየተባለ።»

ነጋዴ ነጋዴን ያውቃል። የዓለምወርቅ ቀና ብላ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እያማረጠች፣ በልቧ አንዱን ለራሷ መርጣ ጥቂት ሄደች። ከዚያም «ብልሆች ናቸው» አለች። «የአባትሽን ሱቅ ከጎረቤቱ የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ነው። እዚያ እሳት ቢነሣ እኮ...»

«ተዪ እማ!»

ድምጿ ጸጥ ባለው መንገድ ላይ ጮኸ። ደጃፉን ሲጠርጉ የነበሩ ሽማግሌ ቀና ብለው አዩአቸው። ፀገነት ከንፈሯን ነክሳ «ሶሪ... ሶሪ። አውቶቡሱ እንዳያመልጠን፣ ነይ እንሂድ» አለችና ክንዷን ይዛ ትጎትታት ጀመር። የልጅቷ እጅ በዚያ ሙቀት በረዶ ሆኖ ነበር።

የዓለምወርቅ ተከተለቻት። እሑድ ዕለት በጆሃንስበርግ መሀል ከተማ በውጭ አገር ሰው ሱቅ ላይ ሁከት መነሣቱን ሰምታለች፤ የእሷም ሱቅ ከዚያን ቀን ጀምሮ ተዘግቷል። አየነው ግን ትናንት በስልክ፣ «የከተማው ነገር ነው፣ እዚህ ጻካኔ ሰላም ነው። ሰዉ ያውቀኛል፣ ልጆቹን በብድር ዳቦ ያሳደግኩት እኔ አይደለሁ?» ብሏት ነበር። እሷም አምናው አደረች።

ወንዙ ጋ ሲደርሱ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። በውሃው ላይ ትልቅ የቀርከሃ መደብ ተዘርግቷል። ከግራም ከቀኝም በድንጋይና በእንጨት የታጠረው ወንዝ እየጠበበ መጥቶ ወደዚያ መደብ ይወጣል፤ ውሃው በቀርከሃዎቹ መካከል ሾልኮ ይወርዳል፣ ወደ ባሕር የሚወርደው ዓሣ ደግሞ መደቡ ላይ እየተንፈራገጠ ይቀራል። መረብ የለ፣ መንጠቆ የለ። «ያና» ይሉታል። ከአያት ከቅድመ አያት ሲወርድ የመጣ ወጥመድ ነው፤ በየዓመቱ ይሠራል፣ በየዓመቱ ጎርፍ ይወስደዋል፣ እንደገና ይሠራል።

የያናው ጌታ ሙራሴ የሚባሉ፣ እስከ ወገባቸው የሚደርስ የጎማ ሱሪ ያጠለቁ ሽማግሌ ናቸው። ሠራተኞቹ «ኦያካታ» ይሏቸዋል።

«እንደኛ 'አለቃ' ማለት ነው» አለች ፀገነት። «እኛ ግን ሙራሴ ሳን ነው የምንላቸው፤ ሳን እንደ 'አቶ'ም እንደ 'ወይዘሮ'ም ነው።»

ሽማግሌው ከወገባቸው ጎንበስ ሲሉ የዓለምወርቅም እጅ ነሣች። እጅ መንሣት ማንም ያላስተማራት፣ ከቤቷ ይዛው የወጣችው ነገር ነው። የሙራሴ ሚስት አጎነባበሷን አይተው ፊታቸው በራ። ከወንዙ ዳር ባለው ዳስ አስቀምጠው፣ በቀርከሃ ሹል ተሰክቶ፣ ጨው ተነስንሶበት ከከሰል ዙሪያ የተጠበሰ ዓሣ አቀረቡላቸው።

የዓለምወርቅ አልነካችውም። እዚያ ሲነጋ እዚህ የምሳ ሰዓት ነው። አየነው ሱቁን ሲከፍት በየቀኑ በዚህ ሰዓት በፀገነት ስልክ ይደውላል፤ አንድ ቀን አሳልፎ አያውቅም።

«አባትሽ አልደወለም።»

«ኔትዎርክ ይሆናል።»

«ስልክሽን አምጪው።»

«ማም፣ ባትሪው እኮ...»

«ፀገነት!»

ሙሉ ስሟን የምትጠራት ስትቆጣ ብቻ ነው። ልጅቷ የመመገቢያ እንጨቶቿን አስቀመጠች። ፊቷ ጭምትር ብሎ የሕፃን ፊት መሰለ።

«ሀቢሶ ነው የጻፈልኝ፣ እዚህ ሊነጋ ሲል» አለች። ሀቢሶ ቤሪያ ከጎናቸው ያለው ክፍል ውስጥ የሚኖር፣ የሆሳዕና ልጅ ነው። «ማታ ጻካኔ ገብተዋል። የሐበሻውን ሱቅ፣ የሶማሌውን ሱቅ እየሰበሩ... የዳዲ ስልክ ይጠራ ነበር። ከዚያ ተዘጋ።»

«ሞቷል?»

«አላውቅም እማ። ማንም አያውቅም። ፖሊስ ጋም ደውለዋል።»

የዓለምወርቅ ተነሣች፤ ወዴት እንደምትሄድ ግን አላወቀችም። ከፊቷ ወንዝ፣ ከኋላዋ ተራራ ነው። ተመልሳ ተቀመጠች።

«ከጠዋት ጀምሮ ታውቂያለሽ» አለች። «ጣራ ታሳዪኛለሽ! ፎቶ ታነሺኛለሽ! ሳቂ ትዪኛለሽ!»

«ምን ላድርግ? ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለሽ ያን ስልክ ስታዪ እንድትውዪ ነው?»

«ባሌ ነው! የማወቅ መብት የለኝም?»

«እኔስ አልነበረኝም?» አለች ፀገነት እንባዋ እየቀደማት። «ያኔ በሁለት ሺህ ስምንቱ ሁከት፣ በፈረንጁ፣ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። 'አባትሽ ዕቃ ሊያመጣ ደርባን ሄዷል' አልሽኝ። ራሱን ተፈንክቶ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር! አንቺ ግን ስለ ደርባን ባሕር ታወሪልኝ ነበር። ዛጎል ያመጣልሻል አልሽኝ፣ እውነትም ዛጎል መጣልኝ።»

ያን ዛጎል ከመንገድ ነጋዴ የገዛችው የዓለምወርቅ ራሷ ናት። ልጅቷ ይህን መቼ እንደደረሰችበት አልጠየቀቻትም። እጇን ዘርግታ ጉንጯን ጠረገችላት፤ ፀገነትም እጇን አልገፋችውም።

ያኔ ከመደቡ ላይ ጩኸት ተሰማ። ሌሊቱን ተራራው ላይ ዘንቦ ኖሮ ውሃው ሞልቶ መጥቷል፤ ዓሣው በአንዴ ይጎርፍ ጀመር። ሠራተኞቹ ባልዲ እያነሡ ሮጡ። የሙራሴ ሚስት ግን አልሮጡም። ከወዲያ ሆነው እናትና ልጁን ሲያዩ ነበርና መጥተው ፀገነትን በጃፓንኛ ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። ሴትየዋ «አይዞሽ» የሚመስል ነገር እንኳ አላሉም። የራሳቸውን የጎማ ቦት አወለቁና ከየዓለምወርቅ እግር ሥር አኖሩት። ባልዲም አስጨበጧት።

«ምን እያሉ ነው?»

«ሰው አንሶናል፣ አግዢን ነው የሚሉሽ።»

የዓለምወርቅ ቦቱን አጥልቃ ወጣች። ቀርከሃው ያዳልጣል፤ ውሃው ከጉልበቷ በታች እየፈላ ያልፋል። ዓሦቹ ከስንዝር እምብዛም አይበልጡም፤ ጎናቸው ብር መስሎ ከጉንጫቸው ኋላ ቢጫ ነቁጥ አለባቸው። የመጀመሪያው ከእጇ አመለጠ። ሁለተኛው አመለጠ። ሦስተኛውን አንቃ ባልዲ ውስጥ ጣለችው። እጇ ሐብሐብ ሐብሐብ ሸተታት፤ ዓሣ እንዲህ ይሸታል ብሎ የነገራት ሰው አልነበረም። «ዑራኤል ሆይ» አለች ጎንበስ ብላ፤ ደግሞ አንድ ያዘች። «ዑራኤል ሆይ፣ ደግ ሰው ጣልበት።» ደግሞ አንድ። ሙራሴ ሳን ከአጠገቧ እያለፉ እንዴት ከራሱ በኩል እንደሚያዝ በእጃቸው አሳዩአት። ባልዲው ሞላ፤ ወሰዱላትና ባዶ አመጡላት። ምን ያህል እንደቆየች አታውቅም። ወገቧ ተቆረጠ፣ ጣቶቿ ደነዘዙ፤ ቀና ለማለት ግን ፈራች፤ ቀና ካለች የልጇን ፊት ማየት ሊኖርባት ነው።

«እማ! እማ!»

ፀገነት ከነጫማዋ መደቡ ላይ ወጥታ እየተንሸራተተች ትሮጣለች። ስልኩን ወደ ላይ አንሥታዋለች።

«እትዬ የዓለምወርቅ!» አለ የሀቢሶ ድምፅ ከስልኩ ውስጥ። «አሉ! ጋሼ አሉ! እዚሁ ናቸው፣ እንኩ ያናግሯቸው!»

ጉርምርምታ ተሰማ። ከዚያ አንድ የሚያስል ሰው።

«ማነው?» አለች የዓለምወርቅ።

«እኔ ነኝ።»

«ማን እኔ?»

«አየነው ነኛ! ሌላ ባል አለሽ እንዴ?»

የዓለምወርቅ መደቡ ላይ፣ ውሃው ውስጥ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች፤ ዓሦቹ ቀሚሷን እየጠቀጠቁ አለፉ። ፀገነትም ከጎኗ ተቀመጠች። ሠራተኞቹ ቆሙ። ሙራሴ ሳን ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠበቁ።

«ተመታህ?»

«አንድ ጭረት የለብኝም። ስልኬ እዚያው ቀርቶ ነው። የማን ቁጥር በቃሌ አውቄ ልደውል?»

ከዚያም ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ይተርክላት ጀመር፤ አምሳ አለቃ ወሬ ሲጀምር አቋርጦ አያውቅም። ጩኸቱ ሲሰማ በሩን ቆልፎ፣ ፌሮ ብረት ጨብጦ ሊጠብቃቸው ቆርጦ ነበር። በጓሮ በር የገባችበት ግን የቤቱ ባለቤት አሮጊቷ፣ አያቴ እንደማለት «ጎጎ» የሚሏት ማሴኮ ናት።

«'ጎጎ፣ እኔ ወታደር ነኝ፣ አልሸሽም' አልኳት። 'ቱላ!' አለችኝ፤ ዝም በል ማለቷ ነው። 'እዚህ ቢገድሉህ ደምህን ከደጄ የማጥበው እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ጉልበቴን ያመኛል' አለችኝና ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። ከዚያ ጢሜን ላጨችው።»

«ጢምህን?»

«በልብስ ሳሙናና በሟች ባሏ ምላጭ።»

የዓለምወርቅ አፏን በእርጥብ እጇ ያዘች። ከውስጧ የሚመጣው ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየላትም።

«ቆይ፣ ገና ነው» አለ አየነው። «የእናቶች ማኅበር አላቸው፣ ማንያኖ የሚሉት። የማኅበሩን ልብስ አለበሰችኝ። ቀይ ሸሚዝ፣ ነጭ ኮሌታ፣ ጥቁር ጉርድ፣ ነጭ ባርኔጣ። ብራክፓን የምትባል ጎረቤት ከተማ ለቅሶ ቤት ለጸሎት የሚሄዱ ሴቶች ታክሲ ይዘው በር ላይ ቆመዋል። መሀላቸው ከተቱኝ። መታጠፊያው ላይ ጎረምሶቹ ድንጋይ ደርድረው መንገድ ዘግተዋል። አስቆሙን። ባትሪ ወደ ውስጥ አበሩ። ሴቶቹ መዝሙር አነሡ፤ እኔም አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ የለኝም እንጂ። አንደኛው ልጅ መብራቱን ፊቴ ላይ አደረገ... ከዚያ ኮፍያውን አወለቀ። 'ሶሪ ቦማማ' አለ። ይቅርታ እናቶቼ ማለቱ ነው። ድንጋዩን ራሱ አነሣልን።»

ፀገነት በሳቅ ተንፈቀፈቀች፤ እንባዋ ግን ይወርዳል። የዓለምወርቅም ሳቀች፤ ሳቋ እስከ ወንዙ ማዶ ተሰማ። የሙራሴ ሚስት ነገሩ ባይገባቸውም አብረው ሳቁ።

«ሌሊቱንስ የት አደርክ?»

«ለቅሶ ቤቱ። ከሴቶቹ ጋር ፍራሽ ላይ ተቀምጬ፣ ተከናንቤ።» ድምፁ ዝቅ አለ። «ሌሊቱን ሙሉ ለማላውቀው ሰው አለቀስኩ፣ የዓለሜ። የውሸት እንዳይመስልሽ። እውነቴን ነው ያለቀስኩት።»

የዓለምወርቅ ጎንበስ ብላ ወደ ስልኩ ተጠጋች።

«ጠዋት ታክሲው ቤሪያ አደረሰኝ» አለ መልሶ። «የሕንጻው ዘበኛ ደግሞ 'ማማ፣ ማንን ፈልገሽ ነው?' ብሎ አላስገባ አለኝ።»

«ሱቁስ?»

«ሙልጭ አድርገው ወሰዱት። የጎጎ ቤት አካል ስለሆነ አላቃጠሉትም እንጂ ከመደርደሪያው ሌላ የቀረ የለም።»

«ይሂድ» አለች የዓለምወርቅ። «ይሂድ! ገደል ይግባ!» ስትናገረው ደረቷ ላይ ተቀምጦ የዋለው ድንጋይ ሲንከባለል ተሰማት። ያን ሱቅ አሥራ አንድ ዓመት የገነባችው እሷም ናት፤ ነገ ታዝንለታለች፤ ዛሬ ግን ለሱቅ የሚሆን ኀዘን አልነበራትም።

ስልኩ ሲዘጋ ሙራሴ ሳን ሁለት እጃቸውን ሰጥተው አነሷት። ዳሱ ውስጥ ሚስታቸው ደረቅ ልብስ አለበሷት፤ ሰማያዊ የሠራተኞች ካፖርት ነው፣ በጀርባው የያናው ስም ተጽፎበታል። ሽማግሌው ራሳቸው ከከሰሉ ላይ ትልቁን ዓሣ መርጠው በሁለት እጃቸው አቀረቡላት።

«ምን አሉ?»

«ከዝናብ በኋላ የመጣ ነው፣ ሰብቷል ይላሉ።»

የዓለምወርቅ ከራሱ እስከ ጭራው በላችው፤ አጥንቱንም አልተወችው። ከዚያ ሌላ በላች። ፀገነት ከወገቧ ተለጥፋ አገጯን ትከሻዋ ላይ አሳርፋለች፣ በልጅነቷ ታክሲ ውስጥ እንደምትሆነው።

«ስሚኝ ፀጊ» አለቻት ጣቷን እየላሰች። «ከዛሬ በኋላ ክፉም ቢሆን እኩል እንስማው። እኔም አልዋሽሽም።»

«ኦኬ እማ።»

«እኔ ግን ያን ጊዜ ዛጎሉን ስፈልግ ግማሽ ቀን ፈጅቻለሁ፤ እሱን እወቂልኝ።»

«አውቃለሁ እኮ። አሁንም አለኝ።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ባቡሯ ውስጥ እነሱና ሁለት የትምህርት ቤት ልጆች ብቻ ነበሩ። ወንዙ አሁን በቀኝ በኩል ነው፤ ጀንበር ልትጠልቅ ውሃው ላይ ተኝታለች። የዓለምወርቅ ዓይኗን ጨፍና፣ እንቅልፍ ሊወስዳት ሲል ስልኩ ጠራ። ፀገነት ድምፁን ከፍታ በመሀላቸው አስቀመጠችው።

«ምን ሆንክ?» አለች የዓለምወርቅ ደንግጣ።

«ምንም አልሆንኩም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው።» አየነው ጉሮሮውን ጠረገ። «ይኼ የጎጎ ልብስ... ለሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ትፈልገዋለች። ማኅበር አለባት። ላቤ ገብቶበታል፣ አሁን ላጥበው ነው። በምን ነው የሚታጠበው?»

«ማን ሊያደርስላት ነው?»

«እኔ ነኛ። በራሴ እጅ ነው የምሰጣት።»

«አትሂድ» የሚለው ቃል የዓለምወርቅ ምላስ ላይ ደርሷል። ፀገነት እስትንፋሷን ውጣ ታያታለች። ባቡሯ ዋሻ ውስጥ ገብታ ጨለመ፤ ወጣችና ደግሞ በራ።

«ኮሌታውን ለብቻው ንከረው» አለች። «ቀዩ እንዳይለቅበት።»